ሳላነብ እሺ ያልኩት

ውድ ልጄ፣

ኮምፒውተርሽን አበላሸሁት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የሰፈሩን ወሬ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደዚህ ልመጣ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ዙሪያ ጥምጥም አትወጂም። የጎረቤት ወሬ ስጀምርልሽ እንኳ «እማ፣ ከመጨረሻው ጀምሪልኝ» ነበር የምትዪኝ። ይኸው፣ የሚከብደውን አስቀደምኩልሽ።

በቀን ግማሽ ገጽ ነው የምጽፈው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች እጅ ከዚህ በላይ አትሮጥም። መርፌ ይዛ እንጂ እስክሪብቶ ይዛ አልኖረችም። ፊደሌ ተንጋዶ ብታገኚው አትሳቂ።

ከሄድሽ ሰባት ወር አለፈ። ክፍልሽን እንዳለ ነው የተውኩት። አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሰማያዊ ሹራብሽን ከወንበሩ ጀርባ አንስቼ አራግፌ መልሼ እዚያው አንጠለጥለዋለሁ። ከስፌት ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ጫማዬን አውልቄ በቀጥታ ሽማግሌው ፊት እቀመጣለሁ። ለኮምፒውተርሽ ሽማግሌው ብለሽ ያወጣሽለትን ስም አልቀየርኩበትም። «የእኔ ሽማግሌና ያንቺ አሮጊት አብረው አረጁ፤ ለምን አንድራቸውም?» ብለሽ በሳቅ የፈረስሽበት ቀን አይረሳኝም። አሮጊት ያልሻት የስፌት መኪናዬን ነው። የሽማግሌውን የይለፍ ቃል አሮጊቷ ሆድ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያደረግሽውም ለዚሁ ጋብቻ ብለሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስወለውለው የኖርኩት ቁጥር ስለሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።

ከፍቼ የማየው ቀንድ አውጣዋን ነው። ጀርባዋ ላይ ያለውን ቤቷን ረስታ የወጣችውን፣ ለልጆች መጽሐፍ የሳልሻትን ያንቺን ቀንድ አውጣ። በቀን አንድ ገጽ ብቻ ነው ለራሴ የምፈቅደው። ሠላሳ አንዱ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሠላሳ ሁለተኛው ገና መስመር ብቻ ነው። ሲያልቅ እንደገና ከአንደኛው እጀምራለሁ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ቀንድ አውጣዋ በር ስታንኳኳ አንገቷን ወደ ጎን የምታዘነብለው እኔን አስመስለሽ መሆኑን ያወቅኩት ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው። ለመጽሐፉ አሳታሚ የላክሽው የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ገጾች ነው። የቀሩት ከሽማግሌው ሆድ በቀር የትም የሉም። ይህን ሳላውቅ አይደለም ጥፋቱን ያጠፋሁት፤ እያወቅኩ ነው። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው፣ ሽማግሌው ስንት ማዘመኛ እንደቀረው የምትቆጥረው ትንሽ ቁጥር እያደገች መጣች። መጀመሪያ አርባ አልፋ ነበር። ከዚያ ሁለት መቶ። እኔ ቀንድ አውጣዬን ሳይ እሷ ጥጓ ላይ ትወፍራለች። ስድስት መቶ ስትገባ ጨነቀኝ። አንቺ «ይሄኛው ሊኑክስ ሮሊንግ የሚሉት ነው እማ፤ ሌላው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚለበሰው፣ ይሄ ግን ለብሰሽው እየሄድሽ ነው የሚሰፋው» ብለሽኝ ነበር። «እና መርፌው አይወጋም?» ስልሽ «ይወጋል እንጂ! ግን ሁልጊዜ አዲስ ልብስ ነው» አልሽኝ። ደግሞም «ሽማግሌው በየቅዳሜው ካልበላ ይታመማል» ትዪ ነበር። እኔ እናት ነኝ። የራበው ነገር ቤቴ ተቀምጦ ዝም ማለት አልችልበትም።

ቅዳሜ ከሥራ መልስ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ ብዬ ነው። ስፌት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከአንዲት ባልቴት ጀርባ ቆሜ እጇን በማየት ነው የለመድኩት። ያንቺንም እንደዚያው፣ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ስንት ቅዳሜ አየሁት። ጥቁሯን ትንሽ መስኮት ትከፍቺያለሽ፣ አንዷን መስመር ትጽፊያለሽ፣ የአሮጊቷን ቁጥር ታስገቢያለሽ፤ ሲጠይቅሽ አንዲት ፊደል ትነኪና እሺ ትዪዋለሽ። እኔም ጻፍኩ። ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ፣ አሁንም እሺ። አራት ጊዜ ይሁን አምስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ የሚለውን ባላውቅም በሥነ ሥርዓት የሚጠይቅን ሰው እሺ ማለት ነው የለመድኩት። ጽሑፉ እንደ ዝናብ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ኮራሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? «ልጄ ብታየኝ» አልኩ በልቤ። ከዚያ አንቺ እንደምታደርጊው አጥፍቼ አበራሁት።

የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ፣ ከዚያ ጠቆረ።

ቴሌቪዥን ሲጠፋ እንደሚጠቁረው ዓይነት አይደለም። ብርሃኑ ከኋላ አለ፣ ግን ምንም አያሳይም። ከታች ማራገቢያው ነፋስ እያወጣ ይዞራል። ኪቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስነካት ትበራለች፣ ስነካት ትጠፋለች። ይሰማኛል ግን አያናግረኝም። አሥር ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ከሥራ ስመለስ እየተቀመጥኩ ጥቁሩን አየሁት። ሠላሳ ሁለቱም ገጾች ከጥቁሩ ኋላ ነበሩ፤ ወይም እኔ ባልኩት እሺ ጠፍተዋል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

ሐሙስ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቅፌው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ብሎን መፍቻውን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያወራው። ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኘው፣ አበራው፣ አጠፋው።

«ማዘር፣ ይሄን ማን ነው የጫነልዎት?»

«ልጄ።»

«ጎበዝ ልጅ አለዎት።»

«ሴት ናት» አልኩት። ናት አልኩ፤ ሌላውን ማለት አፌ አልታዘዘም።

«ይሄኮ ጤነኛ ሰው አይነካውም። በየቀኑ የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይጠቁራል። ይተዉት። እኔ ሙልጭ አድርጌ ላጥፋውና ደህና ነገር ልጫንልዎት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ሙልጭ ሲደረግ ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ምን አለ?»

ምን ብዬ ልንገረው? «ቀንድ አውጣ» አልኩት።

ብሎን መፍቻውን ከጥርሱ አወጣው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ማሽኑን አየ። ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሠረ፤ ጫማው ገመድ አልነበረውም። እኔ ብርድ ልብሴን አንጥፌ ሽማግሌውን መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ማዘር፣ ሌላ ቦታ ቢሄዱም ይሄንኑ ነው የሚሉዎት!»

«እንግዲያው አልሄድም» አልኩትና ወጣሁ።

የቀረኝ ቶሎ ብቻ ነበር። ቶሎ ብለሽ ስም ያወጣሽለት፣ አጠገብሽ ተቀምጦ ስዕል ሲስል የነበረው የሥራ ባልደረባሽ። «ቶሎ እመጣለሁ» ብሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሚደርስ ነው። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ከአጥሩ ጥግ ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ሰነበተ፤ ከዚያ በኋላ ደጄን አልረገጠም። ይወድሽ እንደነበር አውቃለሁ። አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም፤ ያወቅሽውን ሁሉ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር እንጂ። ደወልኩለት። ነገሩን እያለቃቀስኩ ነገርኩት፤ «እሑድ አራት ሰዓት» አለኝ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።

«ቶሎ ነህ ወይስ ወንድሙ ነህ?» አልኩት በሩን ይዤ።

«እማማ፣ አይቀልዱብኝ» አለ፤ ግን አልሳቀም። ከስቷል። ክፍልሽ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ወንበሩ ላይ ልቀመጥ?» አለኝ። እሺ የሚለው ቃል ለማሽኑ ስንት ጊዜ ወጣልኝ፣ ለእሱ ግን እምቢ አለኝ። ሹራብሽን አነሳሁና ወንበሩን ሳብኩለት።

ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«አልሞተም፣ እማማ» አለ። «ዓይኑ ነው እንጂ የጠፋው፣ ልቡማ…» ብሎ አቋረጠው። ምላሱን ሲነክስ አየሁት። ከዚያ ፈጥኖ ማስረዳት ጀመረ። «ከርነል የሚባለው የማሽኑ ዋናው ነው፤ ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው። ምስል የምታወጣዋ ደግሞ ይቺ ካርድ ናት። በሁለቱ መሃል ድራይቨር አለ፤ ያኛው ያለውን ለዚችኛዋ የሚያስረዳ። እርስዎ እሺ ሲሉት ከርነሉ ተለወጠ፣ ድራይቨሩ ግን የድሮው ሆኖ ቀረ። አይግባቡም።»

«በአዲስ መኪና ላይ የአሮጌ መኪና መርፌ እንደገጠምኩ በለው።»

«ይገባል፣ ግን…»

«ይገባል፣ ከላይ ከታች ይላል፣ ግን የታችኛውን ክር አያገኘውም። ጨርቁ ያልፋል፣ ስፌት የለውም።»

ዞር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ።

ለምን ድራይቨሩ ብቻ እንደቀረ ጠየቅኩት። አንቺ ሆን ብለሽ ቆልፈሽው ነው አለ። አዲሱ ድራይቨር የሽማግሌውን ያረጀች ካርድ ስለማይቀበላት፣ የሚያውቃትን አሮጌውን ቆልፈሽላት ኖሯል። «ለዚህ ነው ከርነሉን እንዳገኘች የማታዘምነው። መጀመሪያ ታነብ ነበር።»

«ምኑን?»

«ገጽ አለ፣ ሰዎች የሚጽፉበት። ምን እንደተለወጠ፣ የማን ማሽን እንደጠቆረ፣ በምን እንደዳነ። እሷ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እሱን ሳታነብ እሺ አትልም።»

ልጄ፣ እዚህ ላይ ነው አልጋሽ ጫፍ ላይ የተቀመጥኩት። ያንን ሃያ ደቂቃ አይቼዋለሁ። ከኋላሽ ቆሜ ሻዬ ሲቀዘቅዝ አይቼዋለሁ። እጅሽ ስለማይንቀሳቀስ ሥራ ያልጀመርሽ፣ ዝም ብለሽ የተቀመጥሽ ይመስለኝ ነበር። «በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» እንኳ ብዬሽ አውቃለሁ። እኔ እጅሽን ነው የተማርኩት። ዓይንሽ የሚሠራውን ከጀርባ ቆሜ እንዴት ልየው?

ቶሎ የድሮዎቹ ከርነሎች እንዳልተጣሉ ነገረኝ። ሽማግሌው ውስጥ መጋዘን አለ፤ አምስት ስድስቱ እዚያ ተደርድረዋል። ከድራይቨሩ ጋር የተግባባው የትኛው እንደሆነ ካወቅን መልሰን ማስገባት ነው። «የተሳሳተውን ካስገባሁ ግን ይሄ ጽሑፍም እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ደብተር ነበራት፣ አይደል?»

ነበረሽ። መሳቢያው ውስጥ፣ ከእርሳሶቹ ሥር፣ ጥግ ጥጉ የተቀደደው። እኔ አልከፈትኩትም ነበር። ስዕልሽን ማየት እችላለሁ፤ የእጅ ጽሑፍሽን ግን አልቻልኩም፤ ጽሑፍሽ እንደ ድምፅሽ ነው። አውጥቼ ሰጠሁት።

ሦስት ዓመት ሙሉ የጠቆረበትን፣ ድምፁ የጠፋበትን፣ የሰነፈበትን ቀን ሁሉ ጽፈሻል። ቀኑን፣ የከርነሉን ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደዳነ። ቶሎ ገጹን እየገለበጠ ሲሄድ ፈገግ አለና ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «"ድምፅ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከርነሉን ሰደብኩት። ለካ እማ ስትጠርግ ገመዱን ነቅላው ኖሯል። ይቅርታ ከርነል።"» ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰባት ወር በኋላ የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። «"እማ ሽማግሌውን ጉንፋን እንዳይዘው ብላ ሻርፕ አለበሰችው። ሙቀቱ ዘጠና ገባ።"» ይህንንም አነበበው። ብርድ መስሎኝ ነበርኮ፣ ነፋሱ ሲጮህ።

ከዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። ቁጥሩን አየ፣ መጻፍ ጀመረ፣ መሃል ላይ እጁ ቆመ። ደብተሩን በመዳፉ ሸፈነው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምንም። ቁጥሩን አግኝቼዋለሁ።»

«መዳፍህን አንሳ።»

«እማማ፣ የራሷ ነገር ነው። ይተዉት።»

«እዚህ ያደረሰኝ ሳላነብ እሺ ያልኩት ነው» አልኩት። «አንብበው።»

አነበበው። ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ብትጽፊውም እኔ ምን እንደሰማሁ እንድታውቂ።

«"ቅዳሜ። ካዘመንኩ በኋላ ጠቆረ። ሳላነብ ነው የጫንኩት፣ ዛሬ ፊደሉ ዓይኔ ላይ እየዋኘ አስቸገረኝ። ወደ ቀድሞው ከርነል መለስኩት፣ ሠርቷል። ግራ እጄ እስከ ክርኔ ደንዝዟል፣ ደረቴንም ከብዶኛል። እማ ስትመጣ እነግራታለሁ።"»

ይህን ቅዳሜ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ግን እኔ እንዴት እንደማውቀው ነግሬሽ አላውቅም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ጠዋት ነው። የሰፋሁትን የነርሶች ጋውን በሁለት ፌስታል ሞልቼ ልወጣ ስል ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጠሽ አየሁሽ። ከላይኛው ከንፈርሽ በላይ ላብ አለ። ፊትሽ አመድ መስሏል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም። አየሁና ንዴት ነው ብዬ ተረጎምኩት። «ደግሞ ጠቆረ? ይሄ ሽማግሌ አንቺን ቀብሮ ነው የሚሄደው» አልኩሽ። ልጄ፣ በዚህ አፌ ነው ያልኩት። አንቺ ዞር ብለሽ «እማ፣ ትንሽ…» አልሽ። ባትሪ ያዢልኝ ልትዪኝ መሰለኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ስትገቢ ሁሌም ባትሪ ታስይዢኝ ነበር። «ስመለስ» አልኩሽ። በሩን በእግሬ ዘጋሁት፣ እጄ ሙሉ ስለነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ስክሪኑ በርቷል። ቀንድ አውጣዋ አለች። አንቺ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ተኝተሻል። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ተስተካከለ?» አልኩሽ።

«ተስተካከለ እማ» አልሽኝ።

«አየሽ? ዝም ብለሽ ነው የምታካብጂው» ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

የማሽኑን ደህንነት ጠየቅኩ። «አንቺስ?» ለማለት ሌላ ትንፋሽ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ስመጣ ልትነግሪኝ ጠብቀሽኛል፣ እኔም መጣሁ፣ ቆምኩ፣ ጠየቅኩም። የጠየቅኩት ሌላ ነገር ሆነብሽና ተውሽው። እሑድ ሙሉ ቀን ስትተኚ ለጎረቤቷ «ከማሽን ጋር ስትታገል ሰንብታ ደክሟት ነው» አልኳት። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ «ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለኝ «ከዛሬ ጠዋት» አልኩት። እርግጠኛ ሆኜ ነው ያልኩት። እሱም ጻፈው። ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ የኖረ የልብ ችግር ነው ብሎ ያስረዳኝ በኋላ ነው፤ በሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢታወቅ ምን ይሆን እንደነበር ግን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። አሁን ደብተሩ ከቅዳሜ ጀምሮ እንደሆነ ነገረኝ። ሐኪሙን ዋሽቼዋለሁ፣ ልጄ። ሳላውቅ ዋሽቼ አስቀበርኩሽ።

ይህን ሁሉ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለቶሎ ነገርኩት። ሲሰማኝ ዓይኑን ከደብተሩ አላነሳም። ስጨርስ፣

«ቅዳሜ ደውላልኝ ነበር» አለ።

«ማን?»

«እሷ። አምስት ሰዓት አካባቢ። ድምፅዋ ደከም ያለ ነበር። ስለ ከርነሉ ነው ያወራነው፣ ወደ ኋላ መልሺው አልኳት። ከዚያ "ብትመጣ ደስ ይለኛል" አለችኝ። እሷ እንደዚህ ብላኝ አታውቅም፣ እማማ። ደስ ብሎኝ ማሰቢያ አጣሁ። ቶሎ እመጣለሁ አልኳት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔው አውቀዋለሁ። የመጣው ሰኞ ነው፣ ለቅሶ ቤት።

አይዞህ ብለው ለራሴ ያላገኘሁትን መስጠት ሆነብኝ። ተነስቼ ትከሻው ላይ እጄን አሳረፍኩ፣ እዚያው ተውኩት። እሱም በአንድ እጁ ዓይኑን እየጠረገ በሌላው ቁጥርሽን ጻፈ። ጽሑፉ ወረደ። አጥፍቶ አበራው። ምልክቱ መጣ። ጠቆረ። ከዚያ ቀለሙ ከመሃል እየሰፋ መጣና ስክሪኑ ሞላ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የጸለይኩት ለዚያች ደቂቃ ነው። ቀንድ አውጣዋ ከገጽ አንድ እስከ ሠላሳ ሁለት አንድም ሳትጎድል ነበረች፤ ሰባተኛው ላይም አንገቷን አዘንብላለች። እኔ ግን ያየሁት የዚያን ቅዳሜ ስክሪን ነው። እንዲህ ነበር የበራው፤ አንቺ በደነዘዘ እጅሽ ነው ያበራሽው።

ቶሎ ስዕሎቹን ሁለት ቦታ ገለበጣቸው፤ አንዱን እኔ ይዣለሁ፣ አንዱን ለአሳታሚው አድርሶታል። ሠላሳ ሁለተኛውን ገጽ እሱ ቀለም እንዲቀባው ጠይቀውት እምቢ አለ። እኔንም ጠየቁኝ፤ መስመሩን እንዳለ አትሙት አልኳቸው። ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡታል።

ከመሄዱ በፊት «እማማ፣ ልቆልፈው? ከእንግዲህ ምንም አይጠይቅዎትም፣ እሷ እንደተወችው ይቀራል» አለኝ። ልቤ እሺ በይ አለኝ። ቁጥሯ እንደገና ጥጉ ላይ ቁጭ ብላለች፣ አርባ ምናምን። አየኋትና፣

«ያንን ገጽ ማንበብ አስተምረኝ» አልኩት።

«በእንግሊዝኛኮ ነው።»

«ስልኩ ይተረጉመው የለ? አንተ የማያስፈልገውን ዝለልልኝ።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በሰዓቱ። አንቺ በሃያ ደቂቃ የጨረስሽው ለእኔ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየደገምኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት አገር እንዳለ እንጃ፣ የእሱም አሮጌ ካርድ በአዲሱ ከርነል እንደጠቆረችበት ጽፎ አገኘሁ። «ጠብቁ» ይላል። ጠበቅኩ። ሽማግሌው ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኩት።

ቶሎ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። ዚፑን ሲዘጋ እጁ ሁለት ጊዜ ሳተው። በስፌት ቤት እንዲህ ያለ እጅ ያላትን ልጅ መኪና ላይ አናስቀምጣትም። እንደ ወትሮዬ «በል ደህና ዋል» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን አየሁት። ዝም ብዬ አየሁት፤ ሥራ የፈታሁ እስኪመስለው ድረስ።

«ምነው እማማ?»

«አንተስ?» አልኩት። «አንተ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

አልተንቀሳቀስኩም። በሩን አልከፈትኩለትም። ቆሜ ጠበቅኩት። ጃኬቱን እንደለበሰ መልሶ ተቀመጠ፣ «ደህና አይደለሁም» አለ፣ ከዚያም እስኪመሽ አወራ። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ልጄ፣ ለአንቺ የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠሁት። ዕዳዬ በዚህ አይቀልልኝም፤ እንዲቀልልኝም አልጽፍልሽም። እጄ ደክሟል፣ ገጹም አልቋል፤ ነገ ጠዋት ሥራ አለ።

ስመጣ ልትነግሪኝ የነበረውን አሁን ሰምቼሻለሁ።

እናትሽ